ኢንተርፌሮን ካንሰርን የሚገታ ከሆነ ለአባቴ ለምን አልታዘዘም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። የ58 ዓመት አባቴ ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶበት በቀን 400 ሚሊግራም ኢማቲኒብ ይወስዳል። ኢንተርፌሮን የሚባል መድኃኒት ካንሰርን የሚገቱ ፕሮቲኖች እንዲመረቱ ያደርጋል የሚል አነበብኩ። ለምን አልታዘዘለትም? ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» ብለው የጥቁር አዝሙድ ዱቄት በማር ለውሰው አምጥተውለታል። ይውሰድ?

መልስ፦ ያነበቡት እውነት ነው። ኢንተርፌሮን እ.ኤ.አ. በ1957 የታወቀ፣ ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ሌሎቹን የሚያስጠነቅቅበት ፕሮቲን ነው። ጉንፋን ሲይዘን ብርድ ብርድ የሚለንና የሚቆረጣጥመን በከፊል በእሱ ነው። ዋናው ሥራው ትእዛዝ ማስተላለፍ ነው። ከሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲያያዝ ጃክ1 እና ቲክ2 የተባሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ እነሱ ስታት1 እና ስታት2 የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ቀስቅሰው ወደ ኒውክሊየስ ይልካሉ፤ እዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ።

ከሚመረቱት መካከል ፒ21 የሕዋስ መከፋፈልን ያስቆማል። ፒኬአር አዲስ ፕሮቲን መሠራት እንዳይጀምር ይዘጋል፤ ይህ ግን መመረቱ ብቻ አይበቃውም፣ ሕዋሱ ውስጥ ድርብ አርኤንኤ (ብዙ ጊዜ የቫይረስ ምልክት ነው) ሲያገኝ ነው የሚነቃው። ትሬይል የካንሰር ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ ይገፋፋል። ኤምኤችሲ ደግሞ የሕዋሱን የውስጥ ገመና አውጥቶ ለቲ ሕዋሳት፣ ማለትም የታመመ ሕዋስን ለሚገድሉት የሰውነት ወታደሮች ያሳያል።

ችግሩ ያው ትእዛዝ ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲንም ማስመረቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ቲ ሕዋሳትን ያበርዳል። ጃክ1 የተበላሸበት ዕጢ ከነጭራሹ ትእዛዙን አይሰማም። ስለዚህ «ኢሚዩኒቲ መጨመር» ሲባል ለየትኛው ወገን እንደሚጨመር መጠየቅ ይገባል።

ኢንተርፌሮን ኢማቲኒብ ከመምጣቱ በፊት የሲኤምኤል ዋና መድኃኒት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ትልቅ ንጽጽር፣ በ18 ወር ውስጥ የፊላደልፊያ ክሮሞሶም (የሲኤምኤል መለያ የሆነው የተዛባ ክሮሞሶም) ከመቅኒያቸው የጠፋላቸው ኢማቲኒብ ከወሰዱት 76 በመቶ ሲሆኑ፣ ኢንተርፌሮንን ሳይታራቢን ከሚባል የኬሞቴራፒ መድኃኒት ጋር ከወሰዱት 14.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ላይ ኢንተርፌሮን መርፌ ነው፤ ትኩሳት፣ ድብርት፣ የታይሮይድ መዛባት ያመጣል። ዛሬም ቦታ አለው፤ ለምሳሌ ሲኤምኤል ያለባት ነፍሰ ጡር ኢማቲኒብ መውሰድ ስለማትችል ኢንተርፌሮን ሊሰጣት ይችላል። አባትዎ ግን የተሻለውን እየወሰዱ ነው።

ጥቁር አዝሙዱ ዳቦና በርበሬ ላይ እንደሚደረገው ከሆነ አያሳስብም። በየቀኑ በማንኪያ እንደ መድኃኒት ከሆነ ግን እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ኢማቲኒብ የሚፈርሰው ጉበት ውስጥ ሲሆን፣ በዚያው መንገድ የሚያልፍ ነገር መጠኑን ሊያዛባው ይችላል። ከዱቄቱ ይበልጥ የምፈራው ሌላ ክሊኒክ የሚያዝላቸውን ነው። የቲቢው ሪፋምፒሲን ኢማቲኒብን ከደም ውስጥ በእጅጉ ይቀንሰዋል። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ሰፈራችሁ ያለ ክሊኒክ ወይም ፋርማሲ ሲገቡ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዘው ይግቡ።

አወሳሰዱ ከምግብና ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ጋር ነው፤ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ሰዓቱን ወደ እራት ያዛውሩትና በዚያው ይጽኑ። የረሱትን ለማካካስ በማግስቱ ሁለት መጠን አይውሰዱ። ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚከሽፈው «ተሻለኝ» ተብሎ እየተዘለለ ነው፤ ከዐሥር ቀን አንዱን መዝለል እንኳ ውጤቱን ይጎዳል።

ኢማቲኒብ መሥራቱ የሚታወቀው በየሦስት ወሩ በሚደረገው የቢሲአር-ኤቢኤል ፒሲአር ምርመራ ነው፤ ይህም በደም ውስጥ የቀረውን የካንሰሩን ጂን የሚለካ ነው፦ በ3 ወር ከ10 በመቶ፣ በ6 ወር ከ1 በመቶ፣ በዓመቱ ከ0.1 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) ጥሩ መምጣቱ ይህን አይተካም። ዐይን ሥር ማበጥና የጡንቻ መሸማቀቅ የተለመደ ነው፤ ለቀጠሮ ይቆይ። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ የማይቆም ነስር፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።