የቶዮታ 86 ሾክ ከተቀየረ በኋላ አላይመንት ግድ ነው ወይ?

ወንድም፣ ጥያቄህ «የ86ን አራቱንም ሾክ ቀየርኩ፣ ሞላው የፋብሪካው ነው፣ መኪናው ወደ ጎን አይስብም፤ አላይመንት ለምን ያስፈልገኛል?» የሚል ነው። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን ማዕዘን ለክቶ ማስተካከል፣ ለፊቱ ግድ ነው። የኋላው ጉዳይ ሌላ ነው።

የ86 ፊት ማክፈርሰን የሚባለው አሠራር ነው። ሾኩ ንጠት ከማብረድ አልፎ ጎማውን ከላይ አቁሞ የሚይዘውም እሱ ነው። ከናክሉ (ጎማው ከሚታሰርበት ብረት) ጋር የሚታሰረው በሁለት ወፍራም ብሎኖች ሲሆን ቀዳዳው ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ይላል። እነዚያን ብሎኖች የፈታህ ጊዜ የነበረው ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ አብሮ ተፈቷል። ከመፍታትህ በፊት በጭረት ምልክት አድርገህ ቢሆን እንኳ የአዲሱ ሾክ ጆሮ ከአሮጌው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ካምበር ሲነቃነቅ ደግሞ ቶ (ጎማው ከላይ ሲታይ ፊቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) አብሮ ይሄዳል፤ ናክሉ ሲያዘነብል ቴስቲናው (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ) ርዝመቱ ስለማይለወጥ ጎማውን ከአንድ በኩል አስሮ ያስቀረዋልና።

«አይስብም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ወደ ውጭ ከከፈቱ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ግን ይልጠዋል።

ከኋላ ድርብ ክንድ ነው፣ ጎማውን የሚይዙት ከላይና ከታች ያሉት ክንዶች ናቸው፤ ሾኩ የጎማውን አቅጣጫ አይወስንም። የላዩን ዳዶዎችና የታችኛውን ብሎን ብቻ ፈትተህ ከሆነ፣ ሞላውም ያው ከሆነ፣ ልኬቱ መለወጥ የለበትም። የክንዶቹን ብሎን ከነካህ ግን የኋላውም ይለካ። እግረ መንገዴን፦ የታችኛው የሾክ ብሎን መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ካጠበቅኸው የቡሹ ላስቲክ (በብሎኑ ዙሪያ ያለው) ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ጋራዥ ከመሄድህ በፊት በክር ልታየው ትችላለህ። ሜዳው ደልዳላ ይሁን፣ የጎማ አየር በመመሪያው ልክ ይሞላ፣ መሪው ቀጥ ይበል። መኪናውን ገፋ አድርገህ ወደፊትና ወደኋላ አንከባልለው፣ ከላይም ጫን ጫን አድርገው፤ ከክሪክ የወረደ መኪና ወዲያው ልኩ ላይ አይቀመጥም። ከዚያ በሁለቱም ጎን በጎማው ማዕከል ከፍታ ክር ወጥር። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ከ2012 እስከ 2021 የተሠራው 86 ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ መሃል ለመሃል ሲለካ ከፊት 1520፣ ከኋላ 1540 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ስለዚህ ቸርኬው የፋብሪካው ከሆነ፣ ክሩ ከፊት ጎማ ማዕከል ያለው ርቀት ከኋላው በ10 ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት፣ በግራም በቀኝም። ይህን ካላስተካከልክ የምታነበው ሁሉ ውሸት ነው።

አሁን ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ለካ። የ17 ኢንች ቸርኬ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 460 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ወደ 0.12 ዲግሪ ይጠጋል። ለካምበር ቱምቢ አውርደህ የላዩንና የታቹን ጠርዝ አወዳድር፤ 8 ሚሊ ሜትር 1 ዲግሪ ነው። የፋብሪካው የፊት ካምበር ዜሮ አካባቢ ነው። ግራና ቀኝ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሁለቱን ብሎኖች ላላ አድርገህ የናክሉን አናት በሁለቱም ጎን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማለትም ሁለቱንም ወደ ውስጥ፣ እስከ መጨረሻው ገፍተህ በቶርክ ቁልፍ እሰር። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ እዚያው ያልቃል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ የካምበር ማስተካከያ ብሎን ነው የሚገባው።

ክሩ የሚነግርህ ግልጽ ስህተት መኖሩን ነው፤ ማሽኑን አይተካም። ማሽን ላይ ስትወጣ «ፊቱን ብቻ» የሚልህን አትቀበል፤ የፊቱ የሚስተካከለው የኋላው ጎማዎች በሚያመለክቱት መስመር ነውና የኋላ ቶ ቀድሞ ይታይ። የኋላ ቶ ማስተካከያ አለው፣ የኋላ ካምበር ግን ክንድ ሳይቀየር አይስተካከልም፤ «አስተካከልኩት» ካለህ ማሽኑ የሚያወጣውን የልኬት ወረቀት ጠይቅ። ከፊት በኩል ካምበር ይቅደም፣ ቶ ይከተል። የቴስቲናው ዳዶ ሲላላ የመሪው ላስቲክ አብሮ እንዳይጠመዘዝ አስጠንቅቅ።

ወረቀቱ ላይ ሁሉም አረንጓዴ (በልኩ ውስጥ) ሆኖ መሪው ከተጣመመ፣ ሥራው የተጀመረው መሪው ቀጥ ብሎ ሳይታሰር ነው፤ መልሰህ ውሰደው። የመረጋጊያ መብራቱ ከበራ ደግሞ የመሪ ማዕዘን ሴንሰሩን ዜሮ በኮምፒውተር ያስይዙልህ።