ድማሚት ነው ወይስ ማሽን? የሰፈራችን ጥያቄዎች

ከእኛ ሰፈር ጀርባ፣ አፍንጮ በር አካባቢ፣ ለትልቅ ሕንፃ መሠረት እየተቆፈረ ነው። አፈሩ ሦስት ሜትር ሳይሄድ አለቀና ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ድማሚት ሊያፈነዱ ነው» የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞልቶታል። ባለፈው እሑድ እድር ላይ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከከተማ ውጭ ባሉ የድንጋይ ካባዎች ብዙ ዓመት ድማሚት ሳፈነዳ እንደኖርኩ ያውቃሉ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ሰዓት አለቀ። የቀረውን ይኸው በጽሑፍ።

ጋሼ፣ ከጠዋት እስከ ማታ «ዱ ዱ ዱ» የሚለው ድማሚት ነው እንዴ?

ድማሚት እንዲህ አይንጫጫም። አንዴ ያጓራና ዝም ይላል። እናንተ የምትሰሙት ኤክስካቫተሩ ጫፍ ላይ የተገጠመው የድንጋይ መስበሪያ ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ጆሮ ይበጠብጣል፣ ነገር ግን መሀል ከተማ ላይ እኔም ብሆን የምመርጠው እሱን ነው።

የግንባታ ፈቃዱን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈውታል። ታዲያ ማፈንዳትም ተፈቅዶላቸዋል ማለት ነው?

የለም። ያ ወረቀት ሕንፃ እንዲሠሩ የፈቀደ ነው። ፈንጂ የራሱ ፈቃድ አለው፤ የፀጥታ አካል ሳያውቀው አይገዛም፣ አይጓጓዝም፣ አይከማችም። እኔ በሠራሁበት ካባ ድማሚቱ የሚመጣው በፖሊስ ታጅቦ ነበር። ስንት ወጣ፣ ስንት ፈነዳ፣ ስንት ተመለሰ ተብሎ ተቆጥሮ ይፈረማል። አንድ ካፕሱል፣ ማለትም ድማሚቱን የሚያስነሳው ትንሽ ቱቦ፣ ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ ማን እንደፈቀደ፣ ማን እንደሚያፈነዳና የፍንዳታ ዕቅዱ ምን እንደሚል ነው። በወረዳው በኩል በጽሑፍ ጠይቁ። «ሁሉም አለን፣ አታስቡ» የሚል ፎርማን መልስ ሰጠ አይባልም።

የእኔ ቤት የጭቃ ቤት ነው፣ አባቴ የሠራው። ቢያፈነዱ ይቆማል?

እትዬ፣ ይህ ትልቁ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ቤት የሚጎዳው መሬቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደተንቀጠቀጠ ታይቶ ነው። የሚለካውም በሚሊሜትር በሰከንድ ነው። ሰው አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይሞላ ይሰማዋል። ስለዚህ ብርጭቆው ተንቀጫቀጨ ማለት ግድግዳው ተጎዳ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ዝግ ላለ፣ ማለትም በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር አነስተኛ ለሆነ ንዝረት፣ የቆየ ልስን ላላቸው ቤቶች 12.7 ሚሊሜትር በሰከንድን እንደ ወሰን አስቀምጧል። ጀርመኖች ጠንከር ይላሉ። ለመኖሪያ ቤት 5፣ ለቅርስና በቀላሉ ለሚጎዳ ሕንፃ 3 ይላሉ።

ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የእኛን የጭቃ ቤት አያውቁትም። ማገሩ በስብሶ፣ ጭቃው ብቻ ተሸክሞት የቆመ ግድግዳ ስንት አይቻለሁ። እኔ ብሆን 3ቱን ነው የምጠይቅ።

ሌላው ነገር ርቀት ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳው መጠን ወደ ሩብ መውረድ አለበት። በአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ደንብ፣ የንዝረት መለኪያ ሳይተከል ከቤት በ20 ሜትር ርቀት ላይ ማፈንዳት ቢፈለግ፣ በአንድ ቅጽበት የሚፈቀደው ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ 800 ግራም እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ጉድጓዶቹ ሁሉ አብረው የማይፈነዱት። በመካከላቸው ጥቂት ሺኛ ሰከንድ ልዩነት ይደረጋል። ለጆሮ አንድ ፍንዳታ ይመስላል እንጂ መሬቱ ለየብቻ ነው የሚቀበለው።

የእርስዎ ቤት ከጉድጓዱ አሥራ አምስት እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። በዚህ ርቀት ድማሚት የሚያስብ ኮንትራክተር ካለ፣ መጀመሪያ መለኪያውን የእርስዎ ደጃፍ ላይ ይትከል።

የእኔ ግድግዳ ገና በማሽኑ ተሰነጠቀ። እነሱ ግን «የመሬት መንቀጥቀጡ ነው» ይሉኛል።

እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። በ2017 ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እዚህም ተሰምቶን ሌሊት ደጅ ወጥተን አልነበር? ከዚያ የቀረ ስንጥቅ ይኖራል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞ ይሄዳል።

ክርክሩን የሚያሸንፈው ቀድሞ የመዘገበ ነው። ዛሬውኑ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሱ፤ ስንጥቁ አጠገብ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ይታይ። የስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ሰረዝ አድርጉና ቀኑን ጻፉ። ስንጥቁን የሚያቋርጥ ቀጭን ጀሶ ለጥፉበት፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰበራል። ከተቻለ ከኮንትራክተሩ ሰው ጋር አብራችሁ እየዞራችሁ መዝግቡና ሁለታችሁም ፈርሙ። እምቢ ካሉ የእድሩ ሰዎች ምስክር ይሁኑ። እኔም እመጣለሁ፣ ቡና ከተፈላ።

ፈቃድ ካላቸው ካሳ መጠየቅ አንችልም ይላሉ። እውነት ነው?

ይህን ወሬ ማን እንደሚያስወራው አላውቅም፣ ግን ሕጉ ተቃራኒውን ነው የሚለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ፈንጂ የተጠቀመ ወይም ያከማቸ ሰው ያመጣው አደጋ ደርሶ ሌላውን ከጎዳ ኃላፊ ነው ይላል። ሥራው በመንግሥት የተፈቀደ መሆኑ አያድነውም። «ጥፋት የለብኝም» ማለትም አይበቃም፤ የሚረዳው ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ካሳየ ነው። እናንተ ማሳየት ያለባችሁ ጉዳቱ ከእነሱ ሥራ መምጣቱን ነው፤ ፎቶውን የምነዘንዛችሁ ለዚሁ ነው።

ስለ ማሽኑ ደግሞ ቁጥር 1225 አለ። ባለ ይዞታ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ድምፅና ንዝረት ጎረቤቱ ላይ መልቀቅ የለበትም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። «ሕንፃው ይለቅና እንነጋገራለን» ሲሏችሁ ቀኑን ቁጠሩ።

እኔ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነኝ።

ግድግዳው የባለቤቱ ጉዳይ ስለሆነ ለቤቱ አስተዳዳሪ በጽሑፍ ያመልክቱ። የተሰበረ ቴሌቪዥንና የተጎዳ ሰው ግን የራስዎ ጥያቄ ነው።

ከድማሚትና ከዚህ ጩኸት ውጭ ሌላ መንገድ የለም?

አለ። ድንጋዩ ውስጥ በተርታ ቀዳዳ ይበሳና የሚያብጥ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ይሞላበታል። ዱቄቱ በዋናነት ኖራ ነው። አንድ ቀን ገደማ ይቆይና ድንጋዩ ያለ ድምፅ ይሰነጠቃል። ዋጋው ይወደዳል፣ ጊዜም ይፈጃል፤ ስለዚህ ካልተጠየቁ አያነሱትም። ልጆች ግን ቀዳዳው ላይ አጎንብሰው እንዳያዩ፣ አንዳንዴ ወደ ላይ ተፍቶ ዓይን ያጠፋል።

የሚያፈነዱበት ቀን ቢመጣ ምን እናድርግ?

ሰዓቱን አስቀድመው ሊነግሯችሁ ይገባል። የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ትርጉምም ጠይቁ፤ ለ«ተጠንቀቁ»፣ ለ«አሁን ነው»፣ ለ«አበቃ» የተለያየ ነው። ከመስኮት ራቁ። «አበቃ» ሳይባል ማንም ከቤት አይውጣ፤ ጉዳት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ተወርውሮ የሚመጣው ድንጋይ ነው። ጉድጓዱ በአሮጌ ጎማ በተሠራ ከባድ ምንጣፍ ካልተሸፈነ መሀል ሰፈር ማፈንዳት ድፍረት ነው። መብረቅ ካለም ሥራው ይቁም፤ ኤሌክትሪክ ካፕሱልን መብረቅ ሊያስነሳው ይችላል።

ልጄ ሳይቱ አጠገብ ቀለም ያለው ሽቦ የተያያዘበት ትንሽ የብረት ቱቦ አይቻለሁ አለኝ።

እርሳስ ያህላል? እንግዲያው ካፕሱል ሊሆን ይችላል። ጣት የሚቆርጠው እሱ ነው። ማንም እንዳያነሳው፣ እንዳይረግጠው፣ ለፎርማኑ ላሳይ ብሎም ይዞት እንዳይሄድ። አንድ ትልቅ ሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ልጆቹን ይከልክል። ሌላው ከዚያ ፈቀቅ ብሎ 991 ይደውል። እኔንም ጥሩኝ፤ ይህን መልስ እስክጨርስ አትጠብቁ።