ወግ አጥባቂ ሴናተር ለእኛ ይሆናል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዜግነት ካገኘሽ ወዲህ ለሴኔት ስትመርጪ የመጀመሪያሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያሉት «ቤተሰብን የሚያከብረውን ወግ አጥባቂውን ምረጪ» ይሉሻል። ሥራ ቦታ ያሉት ደግሞ «እሱ ስደተኛ አይወድም፣ እህትሽን እንዳታመጪ ያደርግሻል» ይሉሻል። ማንን ልመን ነው ያልሽው።

እኔ ሁለቱንም አትመኚ ነው የምልሽ። ሰውየው የፈረመበትን ወረቀትና የሰጠውን ድምፅ እይ። ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ ተምሬ አይደለም፤ በራሴ ልጅ ላይ ደርሶ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው።

በ2006 ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ኮሎራዶ ገባን። ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ጆሮዋን ታመመች። ይሻላትና ይመለስባታል። ባለቤቴ ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው፣ ሥራው ኢንሹራንስ የለውም። ሐኪሙ ስፔሻሊስት ይያት አለ። ለልጆች የመንግሥት ኢንሹራንስ አለ ሲሉኝ ወረቀቴን ሰብስቤ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሴትዮ ደግ ነበረች። ደሞዛችንን አየች፣ እንደምናሟላ ነገረችኝ። ቀጥላ ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን ቀን አየችና ፊቷ ተለወጠ። «አምስት ዓመት መቆየት አለባችሁ» አለችኝ።

ጎረቤቴ በስደተኝነት ከካምፕ የመጣች ሀበሻ ነበረች። የእሷ ልጆች የኢንሹራንስ ካርዱን ወዲያው አግኝተዋል። ልጆቻችን አንድ ዕድሜ ናቸው፣ አንድ ግቢ ነው የሚጫወቱት። ልዩነቱ የገባንበት ወረቀት ብቻ ነው። የስፔሻሊስቱን ሂሳብ በየወሩ እየቆራረጥን ሁለት ዓመት ከፈልን።

ያኔ ነው «ይህን አምስት ዓመት የሚባል ነገር ማን አመጣው?» ብዬ መፈለግ የጀመርኩት። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር ትልቁ ልጄ ነበር የሚያነብልኝ። ስንፈልግ አንድ ስም ደጋግሞ ይመጣ ጀመር፤ ኦሪን ሃች።

ሃች የዩታ ሴናተር ነበሩ። ከ1977 እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ 42 ዓመት ተቀምጠዋል። በ2022 አርፈዋል። ሪፐብሊካን ነበሩ፣ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን አጥባቂ አማኝም ነበሩ። ወግ አጥባቂነታቸው ላይ ማንም ጥያቄ የለውም። በ1983 ሕገ መንግሥቱ የውርጃን መብት አያረጋግጥም የሚል ማሻሻያ ይዘው ሴኔት ቀርበው 49 ለ50 ወድቆባቸዋል። በ1996 ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው የሚለውን የፌደራል ሕግ ደግፈዋል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችሽ «የእኛ ሰው» የሚሉት ዓይነት ናቸው ማለት ነው።

አሁን የቤተሰቡን ነገር እይው።

በ1990 ሃች ከዴሞክራቱ ክሪስ ዶድ ጋር ሆነው የሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ ሕግ እንዲወጣ ገፍተዋል። የራሳቸው ወገን ደስ አላለውም። ብዙዎቹ «እናት ቤቷ ትዋል እንጂ መንግሥት ለዴይኬር ምን አገባው» ባዮች ነበሩ። ሕጉ ግን ወጣ። ዛሬም እኛ ኮሎራዶ ገንዘቡ ከፌደራል ወደ ስቴት፣ ከስቴት ወደ ካውንቲ ይወርዳል። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ሠራተኛ ወላጆች ለዴይኬር ይታገዙበታል።

ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ቤቴ ውስጥ ፈቃድ አውጥቼ ልጆች መጠበቅ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከምጠብቃቸው ልጆች ሦስቱ ካውንቲው የሚከፍልላቸው ናቸው። እናቶቻቸው ሌሊት ሆስፒታልና መጋዘን ይሠራሉ። ሕጉ ውስጥ የወግ አጥባቂ እጅ ያለበትን ቦታ ላሳይሽ፤ ገንዘቡ ወላጁን ነው የሚከተለው። እናትየው ከፈለገች ትልቅ ማዕከል፣ ከፈለገች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ዴይኬር፣ ከፈለገች እንደኔ ያለች የቤት ሞግዚት ትመርጣለች። ያ ምርጫ ባይኖር በአማርኛ የሚያባብላቸው ሰው እጅ ላይ አይውሉም ነበር። ይህን ሳስብ ሰውየውን አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው።

ቀጥሎ 1997 መጣ። ሜዲኬይድ የሚባለውን የድሆች የመንግሥት ኢንሹራንስ የገቢ ወሰን የሚያልፉ፣ ኢንሹራንስ ለመግዛት ግን አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች መሐል ላይ ቀርተው ነበር። ሃች ከቴድ ኬኔዲ ጋር ሆኑ። ኬኔዲ የግራ ዘመሞቹ አውራ ነበሩ፣ ሁለቱ በሐሳብ ሰማይና ምድር ነበሩ። ግን ጓደኛሞች ነበሩ። ሲጋራ ላይ ቀረጥ ጨምረን ልጆቹን እናሳክም አሉ። በዚያ ዓመት የበጀት ሕግ ውስጥ ገባ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 24 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበለት። ቺፕ የምንለው የልጆች ኢንሹራንስ ይኸው ነው። እዚህም ወግ አጥባቂነታቸው ይታያል፤ ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው እያንዳንዱ ስቴት ነው፣ ገንዘቡም ጣሪያ አለው።

ታዲያ ልጄ ለምን ተከለከለች?

ቺፕ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1996፣ ትልቁ የዌልፌር፣ ማለትም የመንግሥት ድጎማ፣ ማሻሻያ ሕግ ወጥቷል። ግሪን ካርድ ይዞ አዲስ የገባ ሰው አብዛኛውን የፌደራል ድጋፍ ለማግኘት አምስት ዓመት ይጠብቅ የሚለው የመጣው ከዚያ ነው። እንደ ጎረቤቴ በስደተኝነት (ሬፊውጂ ሆነው) የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ያኔ ከዚህ ነፃ ነበሩ። ሃች ለዚያ ሕግ የድጋፍ ድምፅ ሰጥተዋል። በሩን የከፈቱትም፣ በሩ ላይ «አምስት ዓመት ጠብቁ» የሚለውን ካቆሙት መሐል የነበሩትም እሳቸው ናቸው ማለት ነው።

ይባስ ብሎ 2009 አለ። ከዚያ በፊት በ2007 ቺፕ እንዲሰፋ ሃች ከራሳቸው ፕሬዚዳንት ከቡሽ ጋር ሳይቀር ተጋጭተዋል፤ ቡሽ ውድቅ አደረጉት። በ2009 ተሻሽሎ ሲመጣ ግን አንድ አዲስ ነገር ነበረው። ስቴቶች ከፈለጉ ሕጋዊ ስደተኛ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን አምስት ዓመት ሳያስጠብቁ መሸፈን ይችላሉ የሚል ነው። ሃች ይህን አልቀበልም አሉ። ራሳቸው ያቋቋሙት ፕሮግራም ሲታደስ «አይሆንም» ብለው ድምፅ ሰጡ። ሕጉ በሴኔት 66 ለ32 አለፈ። ኮሎራዶ ዕድሉን ለልጆች ሥራ ላይ ያዋለችው በ2015 ነው። ለእኛ ሳይደርስ አለፈ፤ አምስት ዓመታችንን ጨርሰን ነበር።

በዚህ ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ። በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ለሴናተሩ «ቤተሰብ» አንድ መዝገብ ነው፣ «ኢሚግሬሽን» ሌላ መዝገብ ነው። ለእኔና ላንቺ ግን ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ማዕድ ላይ ነው የሚቀርቡት። የታመመችው ልጄ ቤተሰብም ናት፣ ስደተኛም ናት። ሁለቱ መዝገቦች ሲጋጩ ሰውየው የትኛውን እንደሚያስቀድም ነው ማወቅ ያለብሽ። ያን ደግሞ ንግግሩ አይነግርሽም።

ወደ እህትሽ ጉዳይ ልምጣ፤ ዋናው እሱ ይመስለኛል።

ሃች በ2001 በልጅነታቸው ወረቀት ሳይኖራቸው ለመጡ ተማሪዎች መንገድ የሚከፍተውን ድሪም አክት ከዴሞክራቱ ዲክ ደርቢን ጋር አቅርበዋል። የመጀመሪያው ስብሰባ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2001 ነበር የተያዘው። አንድ ቀን ሲቀረው መንትዮቹ ሕንፃዎች ተመቱ፣ ቀረ። በ2003 ሃች የፍትሕ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሳሉ ከኮሚቴ 16 ለ3 አልፎ ነበር። በ2010 መጨረሻ ላይ ግን ሴኔት ሲቀርብ 60 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ 55 ለ41 ሆኖ ወደቀ። ሃች በዕለቱ ድምፅ አልሰጡም። በራሳቸው እጅ የተጀመረ ሕግ ነው እኮ። መቅረትም መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ እሱንም እይ።

ከዚያ 2013 መጣ። ትልቁ የኢሚግሬሽን ማሻሻያ በሴኔት 68 ለ32 ሲያልፍ ሃች ከደገፉት 14 ሪፐብሊካኖች አንዱ ነበሩ። የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የውጭ ባለሙያ በቀላሉ እንዲያመጡ የሚያደርግ ማሻሻያ ኮሚቴው ውስጥ አስገብተው ነው የደገፉት። የእኛ ሰፈር ያኔ ጨፈረ፤ ወረቀት ለሌላቸው መንገድ ይከፈታል ተብሎ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ዝርዝሩን ሲያነብልኝ ግን ደነገጥኩ። ያ ረቂቅ ዲቪን ያስቀር ነበር። እኔ የመጣሁበትን ዲቪ። ዜጋ የሆነ ሰው ወንድምና እህቱን የሚያመጣበትንም መንገድ ይዘጋ ነበር። በምትኩ በትምህርትና በሥራ ልምድ ነጥብ የሚሰጥ አሠራር ያመጣል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ግን ወረፋ ሳይጠብቅ እንዲያመጣ ይፈቅዳል፤ እሱ ትልቅ ነገር ነበር። በታችኛው ምክር ቤት ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ።

አየሽ፣ ያንን ረቂቅ ዴሞክራቶቹ በሙሉ ደግፈውታል። ሥራ ቦታ ያሉት ጓደኞችሽ «የእኛ ወገን» የሚሏቸው ማለት ነው። እህትሽን የምታመጪበት በር ሊዘጋ የነበረው በሁለቱም ወገን እጅ ነው። ስለዚህ «ወግ አጥባቂው ይዘጋብሻል፣ ሌላው ይከፍትልሻል» የሚለው ወሬ ብቻውን አያዋጣም።

ስለ ትምህርት በአጭሩ ልበልሽ። በ1978 ሃች አንድ ማሻሻያ አስገብተዋል፣ ዛሬም ይሠራል። ትምህርት ቤት ልጅሽን ስለ ቤተሰብ ገቢ፣ ስለ ፖለቲካ አቋም፣ ስለ ግብረ ሥጋ፣ ስለ አእምሮ ጤና የሚጠይቅ መጠይቅ ሲያመጣ የወላጅን መብት የሚጠብቀው ሕግ እሱ ነው። በፌደራል ትምህርት መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚካሄድ ከሆነና ልጁ እንዲመልስ የሚገደድ ከሆነ አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድሽ ያስፈልጋል። በሌላው ጊዜ አብዛኛውን ማስታወቂያ ይልኩልሽና ካልፈለግሽ ነው የምትመልሺው፤ ዝም ካልሽ ተስማማሽ ማለት ነው። እኔ ለዓመታት እነዚያን ወረቀቶች ሳላነብ ነው የጣልኳቸው። አንቺ አንብቢ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ሳለሁ ሕንፃ ልንገዛ ስንል የሰፈሩ ሰዎች ፓርኪንግ ያጣብባሉ፣ ሌሊት ይጮኻሉ ብለው ተቃወሙ። እውነት ነው፣ ማሕሌት ሌሊት ነው። ጠበቃችን በ2000 የወጣ ሕግ ጠቀሰ። የከተማ አስተዳደር በመሬት አጠቃቀም ደንብ የአምልኮ ቦታን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክል የሚያደርግ ነው። ፈቃዱን አገኘን። በኋላ ስጠይቅ ያንን ሕግ ያቀረቡት ሃችና ኬኔዲ ናቸው አሉኝ። እኔ ሰውየውን እንደገና በሌላ ዓይን አየኋቸው።

አንቺ ወዳለሽበት ስንመጣ፣ ኮንግረስ ዶት ጎቭ ላይ የሴናተሩን ስም ጻፊ። ያቀረባቸውንና የደገፋቸውን ረቂቆች ታገኛለሽ። በአንድ ምርጫ ዓመት ብቻ የቀረበውን ሳይሆን ዓመት ከዓመት የገፋበትን እይ። የድምፅ ዝርዝሩ የሴኔቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። እጩው አዲስ ከሆነና መዝገብ ከሌለው ቢሮው ደውዪ። የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ወጣት ሠራተኛ ነው፣ አትፍሪ፤ እንግሊዝኛሽ ከተሰባበረም ይሰባበር።

እኔ ብሆን ሁለት ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። «ግሪን ካርድ ያገኘ ልጅ አምስት ዓመት ሳይጠብቅ እንዲታከም ይደግፋሉ?» እና «ዜጋ እህቱን የሚያመጣበት መንገድ ይቅር ቢባል ድምፅዎ ምን ይሆናል?» በለው። ቤተሰብን እንወዳለን ብለው ሊሸኙሽ ይሞክራሉ። ጥያቄውን ድገሚው። ለሁለቱም እጩ ደውዪ፣ የነገሩሽን ቀኑን ጭምር ጻፊው። መልሱን እዚህም አስቀምጪልን፤ ወንድሙን አመልክቶ ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ መሐላችን።