መልስ፦ የግሪንሃውስ ቲማቲሜ አበባ ያራግፋል፣ ማዳበሪያ ልጨምር?

ሰላም ወንድሜ። ባቱ ላይ ቀኑን ሙሉ የተዘጋ ግሪንሃውስ ከሆነ እኔ ማዳበሪያ አልጨምርም። በባቱ ፀሐይ ብርሃን አይጎድልህም፤ የጎደለህ አየር ነው። ተክሉ ምግቡን የሚሠራው ከብርሃን፣ ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንዱ ካነሰ ሌላውን ብታበዛ ዋጋ የለውም። ቤቱ ሲዘጋ ቅጠሎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስበው ይጨርሱታል፤ ረፋድ ላይ ከውጭው አየር በብዙ ያንሳል። ሙቀቱ ደግሞ 35 ዲግሪ ሲያልፍ የአበባው ብናኝ ይበላሻል፣ ፍሬ አይዝም፣ አበባው ይረግፋል።

ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ጎንና ጎኑን ክፈት። ቴርሞሜትሩን ቅጠሉ አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ስቀለው (በር ላይ የሚሰቅሉት ሰዎች ነገር አይገባኝም)። ቀን ላይ ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ብትይዝ ግሩም ነው። እኩለ ቀን ላይ ካስቸገረህ የጥላ መረብ ዘርጋ፣ ሲበርድ ግን ሰብስበው።