«ፀረ ጀግና» ወይስ ወስላታ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «የጂን ዮንግን ‹አጋዘኑና ድስቱ› የተባለ የቻይና ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ እያነበብኩ ነው። በአማርኛ ልጽፍበት ፈልጌ ገና መጀመሪያው መስመር ላይ ቆምኩ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዌይ ሺያዎባዎ ዋሾ፣ ቁማርተኛና ፈሪ ነው። እንግሊዝኛው ‹አንቲሂሮ› እንደሚለው፣ የጀግና ጠባይ የሌለው ዋና ገጸ ባሕርይ ስለሆነ ‹ፀረ ጀግና› ልበለው? ካልኩስ በየትኛው ጸ ልጻፈው?»

ፊደሉን አስቀድማለሁ፤ በፀሐዩ ፀ ይጻፉት። ቃሉ የግእዙ «ፀር» ነው፤ ጠላት ማለት ነው፤ ሲበዛ «አፅራር» ይሆናል። በዐረብኛ ዘመዱ በ«ዳድ» ፊደል ይጻፋል፤ የዳድ ትክክለኛ አቻ ደግሞ የእኛው ፀሐዩ ፀ እንጂ ጸሎቱ ጸ አይደለም። በዕብራይስጥ «ጻር» ጠላት ነው። በዐረብኛም በዕብራይስጥም ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ጣውንትን ይጠራል። ዛሬ ሁለቱ ፊደላት በአፋችን ላይ አንድ ስለሆኑ ብዙ ሰው «ጸረ» እያለ ይጽፋል። ሞክሼ ናቸው ተብሎ ሥራቸው ሲደባለቅ ዝም ማለት አልችልም። ሥሩ ሲጠፋ ትርጉሙም አብሮ ይሄዳል።

የእርስዎ ጥያቄ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። «ፀር» ዘርፍ ሲከተላት ሳድሷ ር ወደ ግእዝ ተመልሳ «ፀረ» ትሆናለች፤ «የእገሌ ጠላት» ማለት ነው። ፀረ ተባይ ተባይ ይገድላል። ፀረ ወባ ወባን ይዋጋል። በደርግ ዘመን «ፀረ አብዮት» የተባለ ሰው የአብዮቱ ጠላት ተብሎ ነበር፤ ስንቱ በዚች አንዲት ቃል ሕይወቱን አጣ። እንግዲህ «ፀረ ጀግና» የጀግና ጠላት ነው። ዌይ ግን የማን ጀግና ጠላት ነው?

ያንን የኖራ ነገር ያስታውሱ፤ መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ዌይ በያንግዡ ከተማ ሴተኛ አዳሪዎች ቤት የተወለደ ልጅ ነው። እናቱ እዚያው ትሠራለች፤ አባቱን አያውቅም። ማኦ ሺባ የሚባል ኃይለኛ ተዋጊ ሊሞት ሲል ልጁ የጠላቱ ዓይን ውስጥ ኖራ በትኖ ያድነዋል። ማኦ ሺባ ያመሰግነዋል ብለን ስንጠብቅ ይቆጣዋል፤ ይመታዋል። ኖራ መበተን በተዋጊዎች ዘንድ ከነውር ሁሉ የከፋ ነዋ! ልጁ ግን አይገባውም። ሞተህ ነበር፣ አዳንኩህ፣ ምን አጠፋሁ ነው የሚለው። ይህ ልጅ ጀግኖችን አይጠላም። በተረት ነጋሪዎች አፍ የሰማቸውን ጀግኖች ሲወዳቸው ነው ያደገው። የጀግንነቱን ሕግ ነው የማያውቀው። ኋላም በውል የተማረው የኩንግ ፉ ጥበብ አንድ ነው፤ እሱም መሸሽ።

የሚቃወሙኝ አሉ። «‹ፀረ› ዛሬ የፈረንጁ ‹አንቲ› ምትክ ነው፤ የግእዙን ነገር ተዉት» ይላሉ። እሺ፣ ወደ «አንቲ» እንሂድ። በግሪክኛ «አንቲ» ተቃራኒ ብቻ አይደለም፤ «በ… ፋንታ» ማለትም ነው። የጥንት ሊቃውንቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ግሪኩ «አንቲክሪስቶስ» ያለውን ቤተ ክርስቲያናችን «ሐሳዌ መሲሕ» ትለዋለች፤ በመሲሕ ቦታ የሚቀመጥ ውሸተኛ። ፀረ መሲሕ አላሉም። ጽንሰ ሐሳቡን እንጂ ቅጥያውን አልተረጎሙም። ይህን ሥራ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሌላም ስንኩልነት አለ። እንግሊዝኛው ለደፋር ሰውም ለድርሰት ዋና ሰውም አንድ ቃል ነው ያለው፤ «ሂሮ»። የአማርኛው «ጀግና» ደፋር ብቻ ነው። የኩንግ ፉ ፊልም ልናይ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ስንቀመጥ ዘግይቶ የገባ ልጅ «አክተሩ ማነው?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። «ጀግናው ማነው?» ያለ አልሰማሁም። «አክተር አይሞትም» የሚባለውም ከዚያው ነው። ቃሉ ከውጭ የመጣ ነው፤ ልጆቹ ግን የተማሩት ሰዎች የደባለቁትን ለይተው ነበር። ዌይ አክተሩ ነው። ጀግና አይደለም። የጀግና ጠላትም አይደለም።

«ኢ-ጀግና» የሚሉም አጋጥመውኛል። ኢ የግእዝ አፍራሽ ናት፤ ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-ሰብአዊ ስንል ከዘመዶቿ ጋር ናት። «ጀግና» ግን የግእዝ ቃል አይደለም፤ ጀ ራሷ በግእዝ ፊደል ውስጥ የለችም። ጋብቻው አያምርም።

እኔ የምመርጠው «ወስላታ»ን ነው። ወሰለተ፣ ውስልትና፣ ወስላታ። ዳይ ሲጥል ያጭበረብራል፤ ወስላታ። ሰባት ሚስት አለው፤ ወስላታ። ወጣቶች «አራዳ» ቢሉት ይቀላቸው ይሆናል። እውነቱን ለመናገር «አራዳ» ብልጠቱን ይበልጥ ይይዛል። ነገር ግን ቃሉ ከአዲስ አበባው ሰፈር የወጣ ነው፤ የያንግዡን ልጅ ፒያሳ ሲያቆምብኝ ጆሮዬ እምቢ ይላል።

ወስላታ ስል ከዳተኛ ማለቴ አይደለም። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በልጅነታቸው ትግል ይገጥመው የነበረ ጓደኛው ነው። ንጉሡን ሊጥል የተነሣው የሰማይና የምድር ማኅበር መሪ ደግሞ መምህሩ ነው። ዌይ ሁለቱንም ይዋሻል፤ አንዱንም አይሸጥም።

በ1689 (እ.ኤ.አ.) ቻይናና ሩስያ ኔርቺንስክ ላይ ስለ ድንበር ተዋዋሉ፤ ይህ ታሪክ ነው። ደራሲው ዌይን የቻይና ልዑክ አድርጎ እዚያ ያስቀምጠዋል። ፊርማ ሲደርስ ችግር ይመጣል። ከስሙ ሦስት ፊደላት እንደ ነገሩ የሚያውቀው «ሺያዎ»ን ብቻ ነው፤ «ትንሽ» ማለት ነው። ብሩሹን ያነሣል። ግራና ቀኝ አንድ አንድ ድቡልቡል ያስቀምጥና መሃል ላይ ዱላ ያቆማል። አለቀ፤ ተፈረመ። ይህን ሰው «ፀረ» በምትል የጠላትነት ቃል መጥራት ግፍ ነው።

ያም ሆኖ «ፀረ ጀግና» በሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥም በፊልም ሂስም ገብቷል። ተማሪው ሲጽፈው ይገባኛል፤ የጀግና ጠላት ማለቱ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ቃል የሚኖረው በሚግባቡበት ሰዎች ዘንድ ነው፤ ስለዚህ ስሕተት ነው ብዬ ቀይ ልሰምርበት አልችልም። ቅር እያለኝ እተወዋለሁ። ፀሐዩን ፀ ግን አልለቅም።

የቆሙበትን መስመር እኔን ቢጠይቁኝ እንዲህ እጀምረው ነበር፦ «ጂን ዮንግ ከ1969 እስከ 1972 (እ.ኤ.አ.) ራሱ በመሠረተው ‹ሚንግ ፓዎ› ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ባወጣው የመጨረሻ ልብ ወለዱ፣ ጀግኖቹን ሁሉ ወደ ጎን አድርጎ አንድ የያንግዡ ወስላታ አመጣ።»