ታጣፊ ስልክ ይበቃኛል ብል ምን ይጎድልብኛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ስለሆኑ አብረን አውጥተናቸዋል። ስማርት ስልኩን አስቀምጦ ወደ ትንሿ ባለ ቁልፍ ስልክ ስለመመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ስማርት ስልኬን ትቼ የድሮዋን ዓይነት ታጣፊ ስልክ ልገዛ ፈልጌያለሁ። ማታ ፈተና ላርም ቁጭ እልና ስልኩን አንዴ ልየው ብዬ አንስቼ ቀና ስል እኩለ ሌሊት ሆኗል፣ ቲክቶኩን ባጠፋው ፌስቡክ አለ፣ እሱን ባጠፋው ዩቲዩብ አለ፣ ወረቀቱ ሳይታረም ያድራል። ቤት ውስጥ ግን የደገፈኝ የለም። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፣ «እማዬ ጓደኞቼ ፊት እንዳታወጪው» ትለኛለች። ባለቤቴ ደሞ ቴሌብርሽስ፣ የትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕስ ይላል። ታናሽ እህቴ ሪያድ ነው የምትሰራው፣ የምንገናኘው በኢሞ ነው። እውነት አያዋጣም?
ገ. ከሀዋሳ

መልስ፦ እህታችን፣ ያዋጣል። ምክንያትሽን ደሞ ማንም ፊት ማስረዳት ያለብሽ አይመስለኝም፣ ማታሽን መልሰሽ ማግኘት ፈልገሻል፣ በቂ ነው። እነዚህ አፖች ሰው እንዳይነሳ ተብለው የተሰሩ ናቸው፣ ወደ ላይ በገፋሽ ቁጥር ሌላ ይመጣል እንጂ «አለቀ» የሚል ገፅ የላቸውም፣ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ ከራስሽ ጋር በየማታው ከምትታገዪ ነገሩ ከእጅሽ ቢርቅ ይሻላል የምትዪው ልክ ነሽ።

ባለቤትሽ ከጠየቀው ልጀምር፣ እሱ ቀላሉ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ጀምሮ ያለ ኢንተርኔት የሚሰራበት መንገድ አለው፣ *127# ብለሽ ስትደውዪ ሜኑ ይመጣልሻል፣ ብር መላክ፣ ቀሪ ሂሳብ ማየት፣ ካርድ መሙላት በቁጥር እየመረጥሽ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሂሳብ ካለሽ *889# አለ። ፓኬጅ በ*999# ትገዢያለሽ። ዳታ አያስፈልግም፣ ኔትወርክ ካለ በቃ፣ እንዲያውም ኢንተርኔት ተቆራርጦ አፑ ሲሽከረከር ባለ ትንሽ ስልኩ ከፍሎ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በዪ፣ በዚህ መንገድ ፒን ስትፅፊ እንደ አፑ በነጥብ አይሸፈንም፣ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ወይ ታክሲ ላይ ሆነሽ ስትከፍዪ በእጅሽ ከለል አድርጊው፣ ለባለ ሱቁም «አንተ ስራልኝ» ብለሽ አትስጪው። ስልኩ ኪውአር ኮድ ማንሳት አይችልም፣ የነጋዴውን ቁጥር ጠይቀሽ ማስገባት ነው። ከባንክም ከፋይዳም የሚላክልሽ የማረጋገጫ ኮድ በቴክስት ስለሚመጣ እሱ ላይ ምንም አይጎድልብሽም።

የቴሌግራሙ ግሩፕ ትንሽ ያስቸግራል። ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ካለሽ ቴሌግራምን እዛ ላይ መክፈት ትችያለሽ፣ ግን መጀመሪያ የሚገባው በስማርቱ አማካኝነት ስለሆነ ስማርቱ እጅሽ ላይ እያለ ክፈቺው፣ አንዴ ከገባሽ በኋላ ስልኩ ባይኖርም ኮምፒውተሩ ላይ ይሰራል። ዋትሳፕ ግን እንደዛ አይደለም፣ ዋናው ስልክ 14 ቀን ሳይከፈት ከቆየ ኮምፒውተሩን ራሱ ያስወጣዋል። ለርዕሰ መምህሩና ለዲፓርትመንት ኃላፊሽ «አስቸኳይ ነገር ካለ ደውሉልኝ ወይ ቴክስት ላኩልኝ» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ያልተነገረው ሰው ግሩፕ ላይ ፅፎ አይታዋለች ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ትልቁ ጉዳይ እህትሽ ናት፣ እዚህ ላይ ነው ቆም ብለሽ እንድታስቢበት የምፈልገው። አረብ አገር የምትሰራ ልጅ ማታ ስራ ጨርሳ ክፍሏ ስትገባ የቤተሰቧን ፊት ማየት ለሷ ምን እንደሆነ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ኢሞ በባለ ቁልፉ ስልክ አይሰራም፣ ከዛ በቀጥታ ልደውል ብትል ደሞ ለሷ ውድ ነው። የስልክሽ ለውጥ ዋጋውን እሷ እንዳትከፍለው። ስለዚህ ስማርቱን አትሽጪው፣ ለልጅሽም አትስጪው፣ ከቤት የማይወጣ አድርጊው። ሌላ ሲም አስገቢበት ወይ ቤት ዋይፋይ ካለ ያለ ሲም ይቀመጥ፣ ኢሞና ዋትሳፑ በድሮው ቁጥርሽ እንደተከፈተ ይቆያል፣ ሌላውን ሁሉ አጥፊው፣ የአሳሹን አይኮን ሳይቀር ደብቂው። ለእህትሽ ደውለሽ «ከዚህ በኋላ በየቀኑ ሳይሆን በነዚህ ቀናት በዚህ ሰዓት አለሁልሽ፣ ከዛ ውጪ ከጨነቀሽ ሚስኮል አድርጊልኝ ስማርቱን እከፍተዋለሁ» በያት። ሰዓቱን የምትመርጠው እሷ ትሁን። ይሄን ሳትነጋገሪ ግን ስልኩን አትቀይሪ።

አሁን ወደ መግዛቱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኖኪያ፣ ቴክኖ፣ አይቴል ባለ ቁልፍ በየሱቁ አለ፣ ታጣፊው ግን እንደልብ አይገኝም፣ የሚገኘውም አንዳንዱ ኮፒ ነው። ሱቅ ውስጥ *#06# ንኪበት፣ የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አይተሽ ብቻ ነው ዋጋ የምትነጋገሪው። ቀጥሎ ከራስሽ ስልክ «ሰላም እንዴት ነህ» ብለሽ በአማርኛ ፅፈሽ ቴክስት ላኪበት። ብዙዎቹ ትንንሽ ስልኮች የግዕዙን ፊደል አያውቁትም፣ መልእክቱ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል፣ ያኔ ተማሪ ወላጅ ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ካልፃፈልሽ አታነቢም። የሚያነበውን ካገኘሽ እሱን ውሰጂ። ብታውቂው የሚጠቅምሽ ነገር፣ አንድ ቴክስት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፣ በኛ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፣ ከዛ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠርብሻል፣ ስለዚህ አጠር አድርጎ መፃፍ ትለምጃለሽ።

ማጠፊያውን ደሞ ሃያ ጊዜ ያህል ክፈቺ ዝጊው፣ ታጣፊ ስልክ መጀመሪያ የሚሄደው እዛ ውስጥ የሚያልፈው ፍላት ኬብል ነው፣ ስትከፍቺው ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ ተይው። ደህናው ግን ደስ ይላል፣ ከፍተሽ ታነሺያለሽ፣ ዘግተሽ ትጨርሻለሽ፣ ቦርሳ ውስጥ ራሱ ተነክቶ ለሰው አይደውልም፣ ስክሪኑም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይፋተግም። ካላገኘሽ ያልታጠፈውም አያንስም። በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣችው ኖኪያ 1100 ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጣለች፣ ሲ የምትለዋን ቁልፍ ይዘሽ ስትቆዪ አናቷ ላይ መብራት ይበራ ነበር፣ መብራት በሄደ ቁጥር እናቶቻችን በሷ ነበር ሻማ የሚፈልጉት። የአሁኖቹም ባለ ቁልፎች አብዛኞቹ መብራት አላቸው፣ ቻርጃቸውም ለቀናት ይቆያል።

ሲምሽ በስማርቱ ልክ በጣም ትንሹ ከሆነ መያዣ አድርገሽበት ነው የሚገባው። ስልክ ቁጥሮችሽን ከመቀየርሽ በፊት ወደ ሲሙ ገልብጪ፣ ግን አንድ ሲም የሚይዘው 250 ገደማ ነው፣ ረጃጅም ስሞችም ይቆረጣሉ፣ «የሂሳብ መምህር አዲሱ» ብለሽ የያዝሽው «የሂሳብ» ብቻ ሆኖ እንዳይቀርብሽ አሳጥሪው። ዋና ዋናዎቹን ደብተር ላይም ፃፊ።

ልጅሽን በተመለከተ አትቆጪያት፣ በዛ ዕድሜ ጓደኛ ፊት ማፈር ያለ ነው። ግን ደሞ ለሷ ብለሽ አትተዪው። እናቷ የሰው ዓይን ሳትፈራ የፈለገችውን ስትይዝ ማየት ይጠቅማታል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። አባቴ ከጎንደር ሊጠይቁን መጥተው ስድስት ወር ይቆያሉ። አይፎን ገዛሁላቸው አልፈልግም አሉኝ፣ ጣታቸው ስክሪኑ ላይ አይሰራላቸውም፣ ይዘዋት የመጡት ትንሿ ኖኪያ ይሻለኛል ይላሉ፣ እሷ ደሞ እዚህ ኔትወርክ አላገኘችም። ልጫናቸው ወይስ ልተዋቸው?
ሰ. ከሜሪላንድ

መልስ፦ አትጫኛቸው። የጣታቸው ነገር ግትርነት አይደለም፣ ዕድሜውን በእርሻና በእጅ ስራ ያሳለፈ ሰው ቆዳው ይደነድናል ይደርቃል፣ በጣት የሚነካው ስክሪን ደሞ የሚሰራው ጣት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ስለሆነ ደረቅ ጣትን በደንብ አይለይም። ቁልፍ ሲጫኑ ግን መጫናቸውን ጣታቸው ራሱ ይነግራቸዋል።

ኖኪያዋ ያልሰራችው ተበላሽታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ሦስቱ ኩባንያዎች፣ ኤቲኤንድቲ፣ ቲሞባይልና ቬራይዘን፣ 3ጂ የሚባለውን የድሮ ኔትወርካቸውን በ2022 እንደነሱ አቆጣጠር ዘግተዋል፣ አሁን ድምፅ ራሱ የሚሄደው በ4ጂና ከዛ በላይ ነው። ለዛ አገር አባትሽ የሚያስፈልጋቸው ቮልቲ (ድምፅን በ4ጂ የማስተላለፍ ችሎታ) ያለው የ4ጂ ታጣፊ ስልክ ነው፣ እዛ ለአዛውንቶች ተብሎ ስለሚሸጥ እንደኛ አገር አትቸገሪም፣ ግን ስልኩ አንቺ በምትጠቀሚበት ኩባንያ ላይ እንደሚሰራ ሳታረጋግጪ አትግዢ። ፊደሉን ትልቅ አድርጊላቸው፣ 2 ቁጥርን ይዘው ሲቆዩ አንቺ ጋ፣ 3ን ሲይዙ ባለቤትሽ ጋ እንዲደውል አድርጊው፣ የቤቱን አድራሻ ወረቀት ላይ ፅፈሽ ስልኩ ጀርባ ላይ ለጥፊላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይ ፓርክ ሄደው መንገድ ቢጠፋቸው የሚያገኛቸው ሰው አንብቦ ያመጣቸዋል። ኖኪያዋን ደሞ ቻርጅ አድርገሽ አስቀምጪላቸው፣ ጎንደር ሲመለሱ ትሰራለች፣ ቁጥሮቻቸውም ያሉት እሷ ውስጥ ነው። እናትሽን በቪዲዮ ማየት ሲያምራቸው ያንቺን ስልክ ይዘሽላቸው ቁጭ በዪ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ባጃጅ እሰራለሁ። ነዳጅም የምቀዳው በቴሌብር ነው። ጓደኛዬ ስማርት ስልኩ ላይ ሊንክ ተልኮለት ነክቶ ገንዘቡ ተወሰደበት፣ እኔም ፈርቼ ትንሽ ስልክ ገዛሁ። አሁን ከሌባ ድኛለሁ?
መ. ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጓደኛህ ላይ ከደረሰው ዓይነት በከፊል ድነሃል፣ ከቀረው ግን አልዳንክም። ትንሹ ስልክ በቴሌግራም የሚላክ የውሸት አፕ መጫን ስለማይችል ያ በር ተዘግቷል። በስልክ ተደውሎ የሚመጣው ግን አንተም ጋ ይደርሳል፣ «ሽልማት ደርሶሃል፣ አሁን የመጣልህን ኮድ ንገረኝ» የሚልህ ሰው የሚፈልገው ቁጥሩን ካንተ አፍ መስማት ነው፣ ምን ስልክ እንደያዝክ ግድ የለውም። ኮዱንም ፒኑንም ለማንም አትንገር፣ ከቴሌ ነኝ ቢልህም፣ ከባንክ ነኝ ቢልህም።

ባጃጅ ላይ የሚበዛው ደሞ የውሸት ቴክስቱ ነው። ተሳፋሪው ከፈልኩህ ይልሃል፣ ስልክህ ጢን ይላል፣ ልክ እንደ ቴሌብር የተፃፈ መልእክት ይመጣል፣ ወይ ደሞ «በስህተት ልኬብህ ነው መልስልኝ» ብሎ ይለምንሃል። ላኪውን እይ፣ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፣ ከ09 ወይ ከ07 የመጣ ከሆነ ሰው የፃፈው ነው። ከተጠራጠርክ ሞተሩን ሳታስነሳ *127# ገብተህ ሂሳብህን አይተህ ነው የምትሄደው፣ ተሳፋሪው ቢቸኩልም ይጠብቅ።

ስልኩ ራሱ ቢሰረቅስ፣ ትንሹ ስልክ ላይ አሻራ የለም፣ የባንክ ቴክስቶችህን ያገኘው ሁሉ ያነባቸዋል። የሲም ፒን አስገባበት፣ ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ የሚለው ጋ ታገኘዋለህ፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ወይ ሲሙ ሌላ ስልክ ላይ ሲገባ ኮድ ይጠይቃል። ሦስቴ ከተሳሳትክ ይዘጋና ፒዩኬ የሚባለውን ረጅም ቁጥር ይፈልጋል፣ እሱ ሲሙ የመጣበት ካርድ ላይ ስላለ ካርዱን ቤት አስቀምጥ፣ በግምት አትሞክር፣ ፒዩኬው አስር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ከናካቴው ይሞታል። ስልኩ መጥፋቱን እንዳወቅክ ከሰው ስልክ 994 ደውለህ ሲሙን አዘጋ፣ ከዛ መታወቂያህን ይዘህ ቴሌ ሄደህ በዛው ቁጥር ሌላ ሲም ታወጣለህ፣ የቴሌብር ሂሳብህ ከቁጥሩ ጋር እንጂ ከቀፎው ጋር ስላልሆነ ብርህን እዛው ታገኘዋለህ።