መልስ፦ ከሎሚ ዛፍ ያመጣነው አባጨጓሬ ጎመን አልበላ አለን

እህቴ፣ ጎመኑን ተይው። ልጆችሽ ከግቢያችሁ ሎሚ ላይ ካነሱት የሎሚ ቅጠል ነው የሚፈልገው፤ ብርቱካንም ይሆነዋል፣ ጎመን ግን ፊቱ ብትከምሪለት ተርቦ ይሞታል እንጂ አይነካውም። ቅጠሉን በየቀኑ ቀይሪለት። መድኃኒት የተረጨ እንዳይሆን ብቻ።

ካርቶን ይበቃል፣ ከላይ የሚሸፈነው ነገር ላይ ግን ተጠንቀቂ። ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ቤት አጎበር ስላለ ሰው ቶሎ አሮጌ አጎበር ይቆርጣል፤ እሱ ደግሞ ፀረ-ተባይ የተነከረ ስለሆነ ትንኙን እንደሚገድለው አባጨጓሬውንም ይገድለዋል። ሻሽ ወይም የነጠላ ቁራጭ ይሻላል።

"የወፍ ኩስ ይመስላል" ያልሽው ልክ ነው፤ ወፍ እንዳይበላው ትንሽ ሳለ እንደዚያ ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ቀስ ብለው ነካ ሲያደርጉት ከጭንቅላቱ ኋላ ብርቱካንማ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ቀንድ ብቅ ያደርግና ይሸታል። የኔዎቹ እዚህ ላይ በሳቅ ይፈርሳሉ። አይጎዳም። ፀጉራሙን አባጨጓሬ ግን እንዳይነኩ፣ ያሳክካል።

መብላት ሲያቆም ቆም ያለ እንጨት አስገቢለት። ወገቡን በቀጭን ክር እንጨቱ ላይ አስሮ ፑፓ ይሆናል (ሽፋን ውስጥ ሆኖ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ ነው)፣ ከዚያ ቢራቢሮ ሆኖ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው። አንዳንዴ ቢራቢሮ ሲጠበቅ ትንሽ ተርብ ይወጣል፤ አባጨጓሬው ውጭ ሳለ እንቁላል ጥላበት ነው፣ ልጆቹን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ቢራቢሮው ሲወጣ ክንፉ የተጨማደደ ነው፤ ተንጠልጥሎ እስኪዘረጋውና እስኪደርቅ ማንም አይንካው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ልቀቁት፣ ዝናብ ካለ ግን እስከ ማግስቱ ይደር።